ስለ ጨዋታ ቃል

ሰው ከእንስሳ የሚለየው በመናገሩ ብቻ አይደለም፤ በተናገረው ቃል በመጫወቱም ነው። ሕፃን ልጅ አፉን ከፈታ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ለእኅቱና ለወንድሙ ብቻ የሚገባ ስም ለነገር ያወጣል። ይህን ያስተማረው የለም፤ ከተፈጥሮው ያገኘው ነው። ወጣቶች አዲስ ቃል ፈጥረው ሲነጋገሩ «አማርኛን አበላሹት» ብሎ የሚቈጣ ሽማግሌ ብዙ ነው። እኔም በመምህርነት ሳለሁ አንዳንድ ጊዜ ተቈጥቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ነገሩን ረጋ ብዬ ስመረምረው ቍጣው ያለ ቦታው ሆኖ አገኘሁት። የሚያስቈጣ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ የት እንዳለ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ አለመሆኑን እንወቅ። በአገራችን አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት ንግግር ነበራቸው። አዝማሪ በሰው ድግስ ቆሞ የሚዘፍን፥ በባለ ድግሱም ቸርነት የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ «ይህ ይሰጣል፤ ያኛው ንፉግ ነው» ብሎ በጌታው ፊት ለባልንጀራው ለመናገር የተሰወረ ቃል ያስፈልገው ነበር። ነጋዴዎችም የራሳቸው ምስጢራዊ ንግግር ነበራቸው፤ ዛር ሰፍሮባቸዋል የሚባሉ ሰዎችም እንዲሁ። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ሲመረምሩ የኖሩት ዎልፍ ሌስላው እነዚህን ንግግሮች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1964 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከቃሎቹ ብዙዎቹ ከታወቀው ቃል ሥር ተነሥተው ፊደል በመጨመር ወይም በመድገም የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ ፈጣሪዎቻቸው ቃልን ከምንም አላመጡትም፤ የምናውቀውን ቃል ሌላ ልብስ አለበሱት እንጂ።

እኛም በልጅነታችን የወፍ ቋንቋ የምንለው ነበረን። ከእያንዳንዱ ፊደል ቀጥሎ «ዘ»ን በዚያው ፊደል ድምፅ እየጨመርን፥ «ነገ» ለማለት «ነዘገዘ» እንል ነበር። ታላላቆቻችን እንዳይሰሙን ነበር ሐሳባችን፤ እነርሱ ግን በልጅነታቸው ይህንኑ ስለ ተጫወቱ ሁሉን ይሰሙ ነበር።

የአዲስ አበባ ልጆች ንግግር ደግሞ የአራዳ ቋንቋ ይባላል። አራዳ በመጀመሪያ የቦታ ስም ነው፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የከተማው ትልቅ ገበያ የነበረበት ሰፈር ነው። ጸጥታ አስከባሪውም የአራዳ ዘበኛ ይባል ነበር። ኢጣሊያ አገራችንን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛወረና መርካቶ ተባለ፤ የቀድሞውም ሰፈር ፒያሳ የሚል ስም አገኘ። ገበያው ቢሄድም አራዳ የሚለው ስም በሰው ላይ ቀረ። በገበያ መካከል ያደገ ልጅ በቀላሉ አይታለልምና፥ አራዳ ማለት ንቁ፥ ብልኅ፥ ነገር የሚገባው ማለት ሆነ።

ከዚህ ወዲያ የመጣውን ቃል ማን ይቈጥረዋል? በዐረብኛ «ዐዋቂ» ማለት የሆነው ቃል በእኛ ከተማ «አሪፍ» ሆኖ መልካም ነገር ሁሉ ተጠራበት። ባልንጀራ ጀለስ፥ ፍቅር ፎንቃ ተባለ። ሰላይም ጆሮ ጠቢ ተባለ። ይህን የመጨረሻውን ተመልከቱ! ሕፃን ጡት እንደሚጠባ የሰውን ጆሮ የሚጠባ ፍጡር! ሰው በግልጥ ለመናገር በሚፈራበት ጊዜ እንዲህ ያለው ቃል ለፍርሃቱ ጥቂት ማስታገሻ ይሆነዋል። በእንዲህ ያለው ቃል ማንም ሊቈጣ አይገባም።

የሚያስቈጣው ሌላ ነው። ለአራዳ ተቃራኒ ሆኖ የቆመው ቃል ፋራ ነው። አራዳ የሚለው ቃል በውስጥ ያለውን ሲያመሰግን፥ ፋራ የሚለው በውጭ የቀረውን ይሰድባል። የጨዋታ ቃል ሁሉ ለወዳጅ የሚከፈት በር ነው፤ ያው በር ግን በሌላው ሰው ፊት ይዘጋል። በመጽሐፈ መሳፍንት በ12ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ አስቡ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፥ የሚሸሸውን የኤፍሬምን ሰው አንዲት ቃል ተናገር ይሉት ነበር፤ «ሺቦሌት» ማለት ተስኖት «ሲቦሌት» ያለውን ይገድሉት ነበር። በዚያ ጊዜ ከኤፍሬም 42,000 ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል። በአንዲት ፊደል ወንድም ከወንድሙ ተለየ!

ከዚህ ትልቅ ታሪክ ቀጥዬ አንድ ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የራሴ ስለ ሆነ ከትልቁ ይልቅ ይከብደኛል።

በ1965 ዓ.ም. ገደማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆኜ ስማር፥ ጥቂት ልጆች ሆነን ቃልን ገልብጠን የምንናገርበት ጨዋታ ፈጠርን። ዳቦን «ቦዳ»፥ ቆሎን «ሎቆ» እንል ነበር። በዚያ ዓመት ከሩቅ ገጠር አንድ ልጅ መጣ። ቁመቱ ከእኛ የረዘመ፥ ንግግሩም ዝግ ያለ ነበርና «ሬበ» ብለን ስም አወጣንለት፤ በሬ ማለታችን ነው። ምን ማለት እንደ ሆነ ቢጠይቀኝ፥ በከተማ ቋንቋ ጀግና ማለት ነው ብዬ የመለስሁለት እኔ ነኝ። ልጁም ደስ ብሎት በደብተሩ ሽፋን ላይ፥ ከስሙ በታች፥ በሚያምር ጽሕፈት «ሬበ» ብሎ ጻፈ። እኛም ማታ ማታ በመኝታ ቤት ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ፥ በምሳ ሰዓት አንዱ ልጅ ተዘናግቶ «ቦዳ አቀብለኝ» አለ። የገጠሩ ልጅ ዳቦውን አየ፤ እኛን አየ፤ ከንፈሩ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ከዚያም ተነሥቶ ሄደ። ማታ ደብተሩን ባየሁት ጊዜ ያ ቃል በምላጭ ተፍቆ ሽፋኑ ተቀዶ ነበር። እኛ በሬ ያልነው ልጅ፥ ማንም ሳይነግረው፥ ምስጢራችንን ሁሉ በአንዲት ቃል ፈታው። አልተጣላንም፤ ለመምህራንም አልከሰሰንም። ነገር ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከእኔ ጋራ አንድም ቃል ሳይነጋገር ቈየ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰም። ያልተመለሰው በእኔ ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም፤ በእኔ ምክንያት አይደለም ብዬ ግን ልምል አልችልም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ እኔ ወጊው ስሆን ይኸው ከአምሳ ዓመት በኋላ አልረሳሁትም።

መምህር ከሆንሁ በኋላ፥ ቍጣዬ በበረደ ጊዜ፥ ተማሪዎቼ አዲስ ቃል ሲናገሩ ስሰማ አንዲት ጥያቄ ብቻ እጠይቃቸው ነበር፤ «ቃሉ የተነገረበት ሰው ትርጕሙን ቢያውቅ፥ አብሯችሁ ይሥቃል?» ይሥቃል ያሉኝ እንደ ሆነ ትርጕሙን ለእኔም እንዲያስተምሩኝ እለምናቸው ነበር፤ ብዙ ቃልም ተማርሁ። ዝም ያሉ እንደ ሆነ ግን እኔም ዝም እላለሁ፤ ዝምታቸው መልስ ነበርና።

ልጆቼ ሆይ፥ ቃል ፍጠሩ፤ ገልብጡ፤ አስረዝሙ፤ አሳጥሩ። ቋንቋ በጨዋታ አይሞትም። ከገጠር የመጣው፥ እንግዳው፥ ዘግይቶ የደረሰው «ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቃችሁ እንደ ሆነ ግን እውነቱን ንገሩት። እውነቱን ልትነግሩት የምታፍሩበት ቃል ከሆነ፥ ያ ጨዋታ አይደለምና ተዉት።