እንጦጦ፤ ዘውድና ጭራሮ

ስለ እንጦጦ ማርያም የተጻፈው በአብዛኛው የሚያተኩረው ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ በመጫናቸው ላይ ነው። ከዴራ፣ ከግራር አገር፣ ሄጄ ተራራውን ስጎበኝ ግን ከዘውዱ ይልቅ ያሳሰበኝ ዛፉ ነው። የጥንቱ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በማገዶ እጦት ክፉኛ ተቸግራ ነበር። የደረሰላት ከአውስትራሊያ የመጣ ተክል ነው። ሕዝቡም ባሕር ዛፍ ብሎ ሲጠራው ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ አኖረለት። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም። የብዙ ቤት ምጣድ የጋለው በእነርሱ ሸክም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ያንኑ ዳገት የመዝናኛ ስፍራ አድርጎታል። ይህ የሚያስከፋ አይደለም። ነገር ግን ለጎብኚው የንግሡ ታሪክ ተነግሮት የሸክሙ ከተዘለለ፣ የሰማው የታሪኩን እኩሌታ ነው። ሸክሙን የሚያስታውሱ እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሳያልፉ ቃላቸውን መሰብሰብ የእኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራንና ተማሪዎች ድርሻ ነው።