የሒሳብ ዝንባሌ (በኮሌጅ ተማሪዎች)

የሒሳብ ዝንባሌ ተማሪ ለሒሳብ ያለው ፍላጎት፣ በራስ መተማመንና ደስታ ነው። ከውጤት የተለየ ነው፤ ጥሩ ነጥብ እያመጣ ትምህርቱን የሚጠላ አይታጣም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ123 የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች 3,103 የካልኩለስ ተማሪዎችን ተከታትሏል። ግልጽ ማብራሪያ፣ ጠቃሚ የቤት ሥራ፣ ፍትሐዊ ፈተናና ከክፍል ውጭ የሚሰጥ እገዛ ዝንባሌን ከሁሉም በላይ አሻሽለዋል፤ በተለይ ሒሳብን ሳይወዱ የገቡትን ጠቅመዋል። ቴክኖሎጂ በአማካይ ለውጥ አላመጣም። የቡድን ሥራና ተማሪው አስተሳሰቡን እንዲያስረዳ ማድረግ ግን፣ ብዙዎች ከሚጠብቁት በተቃራኒ፣ ዝንባሌን በመጠኑ ቀንሰዋል። እንዲህ ያሉ የተሳትፎ ዘዴዎች ከንቱ ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች በገለጻ ብቻ የተማሩት የመውደቅ ዕድላቸው በተሳትፎ ከተማሩት 1.5 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል።

የማብራሪያ ግልጽነት ከማስተማሪያ ቋንቋም ጋር ይያያዛል። ለምሳሌ የሊባኖስ ተማሪ አረብኛ እየተናገረ ሒሳብን በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይማራል። ስለዚህ ኮሌጅ ሲገባ የመምህሩ ግልጽነት የቋንቋም ጉዳይ ይሆንበታል። በኢትዮጵያም ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሒሳብ የጀመረ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው።