ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገው ቅጥር በየወሩ ከፍና ዝቅ ስለ ማለቱ (ከ1990 እስከ 2015 ዓ.ም.)

በሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች በኩል ወደ ዓረብ አገሮች ስለ ሄዱት ኢትዮጵያውያን የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ጽሑፍ ቊጥሩን በየዓመቱ እየደመረ የሚያቀርብ ስለ ሆነ፥ በዓመቱ ውስጥ ቅጥሩ መቼ እንደ ጋለና መቼ እንደ ቀዘቀዘ ከድምሩ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን በወር ከፍለን ለማየት እንሞክራለን። የምናነሣውም ጥያቄ ይህ ነው፤ የቅጥሩን ወራት የሚወስነው ማን ነበር? ሠራተኛዋ ናት፥ ኤጀንሲው ነው ወይስ በሪያድ ያለው ቀጣሪ?

በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ ማግኘት ግድ ስለ ነበረ፥ ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄደው ሰው ጥቂት ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ደነገገ። መንገዱ ሲከፈት አስቀድሞ የገባበት ደላላው ነው። መንግሥት ዘግይቶ፥ በ1990 ዓ.ም. ስለ ግል ኤጀንሲዎች አዋጅ ቁጥር 104ን አወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 632 ተተካ። በዚህ በሁለተኛው አዋጅ መሠረት ኤጀንሲው የሚያስይዘው ዋስትና የሚልካቸው ሠራተኞች በበዙ መጠን ከፍ ይል ነበር። የሥራ ውሉም በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀርቦ መጽደቅ ነበረበት። እንግዲህ «በዚህ ወር ይህን ያህል ሰው ተቀጠረ» ሲባል የሚቈጠረው የጸደቀው ውል እንጂ አውሮፕላን የተሳፈረው ሰው አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ከወራት ሁሉ የጐላው የረመዳን ዋዜማ ነው። በጾሙ ወር በዓረብ ቤቶች የማታው ማዕድ ይሰፋል፤ እንግዳ ይበዛል፤ ሌሊቱ እንደ ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ የቤት ሠራተኛ ፍላጎትም ክፍያም በዚያን ጊዜ ይንራል። ሠራተኛዋ በጾሙ መግቢያ እንድትደርስ ከተፈለገ ግን ፓስፖርቱ፥ የጤና ምርመራው፥ የውሉ መጽደቅና ቪዛው አስቀድሞ መጀመር አለበት። ስለዚህ በሪያድ ወይም በጅዳ የሚፈለግበት ወርና በወሎ፥ በጅማ ወይም በአርሲ ደላላው ከመንደር መንደር የሚዞርበት ወር አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ጥቂት ወራት ይኖራሉ።

ረመዳን በጨረቃ የሚቈጠር ስለ ሆነ በየዓመቱ ወደ ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ 25፥ በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ 13፥ በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ 3 ቀን ገባ። በነዚያ ዓመታት የዝግጅቱ ወራት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያሉት ነበሩ ማለት ነው፤ ይህም የገበሬው ጐተራ የሚጐድልበትና ተማሪ ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። የዓረቡ ፍላጎትና የኛ ገበሬ ችግር በአንድ ወቅት መገጣጠማቸው፥ በኛ ግምት፥ ብዙ ልጃገረዶችን ከክፍላቸው በቀጥታ ወደ ኤጀንሲው ደጃፍ ሳይወስድ አልቀረም።

ይሁን እንጂ የ2003ቱና የ2004ቱ ግርግር በረመዳን ብቻ አይፈታም። በዚያን ጊዜ የፊሊፒንስ መንግሥት ለዜጎቹ የወር ደመወዝ ከ400 ዶላር እንዳያንስ ይጠይቅ ነበር፤ ኢንዶኔዥያም አንዲት ዜጋዋ በሰኔ 2003 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ አንገቷ በሰይፍ ስለ ተቀላ እጅግ ተቈጥታ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ ከሰኔ 25 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለቱም አገሮች የቤት ሠራተኞች ቪዛ መስጠት አቆመች፤ ኢንዶኔዥያም በፈንታዋ ሠራተኛ መላክን ከለከለች። የተተወውን ስፍራ የሞሉት በአብዛኛው የኛ ልጆች ናቸው፤ ደመወዛቸውም ፊሊፒንስ ከጠየቀችው ግማሽ እምብዛም የማይበልጥ ነበር። ከመስከረም 2001 እስከ ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ወደ 460,000 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን በሕጋዊ መንገድ ወደ ዓረብ አገሮች ሲሄዱ፥ ብዙዎቹ የተጓዙት በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ የነበረው ገበያ የጋለው በማኒላና በጃካርታ በሆነው ነገር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ማቆሙም እንደ መጀመሩ በድንገት ሆነ። በ2005 ዓ.ም. በዚያው በረመዳን ወር ሳዑዲ ዓረቢያ የኢትዮጵያውያንን የቤት ሠራተኞች ቅጥር አገደች። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ጉዞውን ከለከለ። ከጥቅምት 25 ቀን ጀምሮ ደግሞ የሳዑዲ ፖሊስ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማሠስ ጀመረ፤ እስከ መጋቢት ድረስ ወደ 163,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአንድ በጋ ውስጥ የሚሄደውን ይቈጥር የነበረ መንግሥት የሚመጣውን ለመቍጠር ተገደደ።

ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ያህል የሚኒስቴሩ መዝገብ ስለ አዲስ ሠራተኛ ጉዞ ባዶ ሊሆን ይገባው ነበር። ግን ቅጥሩ ቆመ ማለት ነውን? የባሕሩን መንገድ የተመለከቱት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ከ92,000 በላይ፥ በ2016 ደግሞ ከ117,000 በላይ ሰዎች በጀልባ ወደ የመን እንደ ገቡ መዝግበዋል፤ እጅግ የሚበዙትም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እዚህ ላይ ግን መቸኰል አይገባም። በጀልባ የሚሻገሩት በብዛት ወንዶች ሲሆኑ፥ በኤጀንሲ ይሄዱ የነበሩት በብዛት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ አንዱ መዝገብ የጐደለውን ሌላው ሞላው ለማለት አይቻልም። ለማለት የሚቻለው፥ እገዳው የዘጋው መቈጠሪያውን በር መሆኑንና በሱዳን በኩል ወይም በጉብኝት ቪዛ የሄደችው ሴት ውሏን ያየላት ማንም እንዳልነበረ ነው።

በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ። ሠራተኛዋ ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል እንድትጨርስ፥ ኤጀንሲው 100,000 ዶላር እንዲያስይዝ፥ ጉዞውም የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ተፈረመባቸው አገሮች ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ስምምነቱ በ2009 ዓ.ም. ተፈረመ፤ እገዳው በጥር 2010 ዓ.ም. ተነሣ። በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው ግንቦት 9 ቀን ነው። እገዳው ሲነሣ ለጾሙ የቀረው አራት ወር ስለ ነበረ፥ ሥልጠናውና የኤጀንሲዎች ፈቃድ ገና እየተሰናዳ ሳለ ወቅቱ ደርሶ አለፈ።

በ2015 ዓ.ም. ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። መንግሥት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ 500,000 የቤት ሠራተኞችን ለመላክ አቀደ፤ የክልል መስተዳድሮችም ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 40 የሆኑ ሴቶች እንዲመዘገቡ ማስታወቂያ አወጡ። ቀድሞ ደላላው ከመንደር መንደር እየዞረ ይሠራ የነበረውን የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት መሥራት ጀመረ፤ ማስታወቂያውም የተለጠፈው ረመዳን መጋቢት 14 ቀን ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ነበር።