በበቆጂ ታላቅ ታናሽን ሲያስከትል

በኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ውስጥ ስመ ጥሩ ሯጭ የድሃ ቤት ልጅን እጁን ይዞ ማሳደግ የጀመረው በበጎ አድራጎት ድርጅት ሳይሆን በጦር ሰፈር ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የክብር ዘበኛን ወታደሮች ሲያሠለጥን፣ በአገር ውስጥ ውድድር ከአበበ ቢቂላ ቀድሞ የታወቀው ዋሚ ቢራቱ ነበር። አበበ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ የተከታዮቹ መለኪያ እሱ ሆነ። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አበበ በጉዳት ውድድሩን ሲያቋርጥ ወርቁን ያመጣው የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ዘልቆ የጠቀመው ደመወዙ ነው። ከገበሬ ቤት የወጣ ወጣት ሳያሸንፍ ለዓመታት ሊለማመድ የሚችለው የሚያበላው ካገኘ ብቻ ነው። መቻል፣ ኦሜድላና ማረሚያ ቤቶችን የመሳሰሉ የሠራዊትና የፖሊስ ክለቦች ይህን ሸክም ተሸከሙ። ሻምበል አበበ፣ ሻምበል ምሩጽ፣ ኮሎኔል ደራርቱ የሚባለውም በዚሁ የተነሣ ነው፤ ማዕረጉ የሩጫውን እንጀራ ምንጭ ይናገራል።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በበቆጂ ነው። ከአሰላ በስተደቡብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች የአርሲ ከተማ ገብስና ስንዴ የሚያበቅሉ ገበሬዎች አገር ናት። ተወላጇ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ ሌላዋ የበቆጂ ልጅ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወሰደች። ለአካባቢው ሴት ልጆች ሩጫ ከዚያ በኋላ የሕልም ነገር መሆኑ ቀረ፤ የሚያውቁት ሰው አድርጎታልና።

የደራርቱ የቅርብ ዘመድ ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነቷ አዲስ አበባ ስትመጣ ትምህርት ልትቀጥል አስባ ነበር። የምዝገባው ጊዜ አለፈባትና ወደ ስፖርቱ ገባች፤ የማረሚያ ቤቶች ክለብም ተቀበላት። እህቷ እጅጋየሁ ቀድማ ከተማ ነበረች፣ ደራርቱ ደግሞ መንገዱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። በ1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ጥሩነሽ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ገና 18 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ አቴንስ ላይ፣ በ10,000 ሜትር፣ እጅጋየሁ ብር ስታገኝ ደራርቱ ነሐስ አገኘች፤ ታናሽ ታላቋን ቀደመች።

ዝምድና ግን በር እንደሚከፍት ሁሉ ይዘጋልም። ኦሊምፒክ የሮጠ ዘመድ የሌለው ልጅ የሚጠጋበት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። በበቆጂ ይህን ቦታ የያዘው የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ነው፤ ደራርቱን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽን በለጋ ዕድሜያቸው ያሠለጠነ፣ ራሱ ግን ሜዳልያ የሌለው ሰው። የታላላቆቹን ስም የሚገባውን ያህል ያደነቀ ሁሉ የእሱን አይጠራም፤ ትክክል አይደለም።

ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በንግግር አይደለም። በማለዳ በእንጦጦ ወይም በሱሉልታ ሯጮች ተሰልፈው ይወጣሉ፤ የበሰለው ፊት ይመራል፣ ጀማሪው እግር በእግር እየተከተለ ፍጥነትን መመጠን ይለማመዳል። ብቻውን የሚሮጥ ጀማሪ ይህን ከማንም አያገኘውም።

በኋላ ሯጮቹ ከልምምድ ሜዳው አልፈው የአስተዳደሩን ወንበር ያዙ። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ደራርቱ ተካችው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወንበሩ ለስለሺ ስህን ደረሰ፤ በአቴንስና በቤጂንግ የ10,000 ሜትር የብር ባለሜዳልያ ለሆነው፣ ለጥሩነሽ ባለቤት።