የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ሕንፃዎች
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ። 1870ዎቹ ዓ.ም.። ድንጋይ፣ ጭቃ፣ እንጨት፣ የሣር ክዳን።

ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚገኙት እነዚህ ቤቶች፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ መቀመጫ ከነበረው የተራራ ከተማ የተረፉ ናቸው። ጎብኚው በቅድሚያ ሊያስተውል የሚገባው እልፍኝ፣ ማለትም ንጉሡ የሚያርፉበትና የቅርብ ሰዎቻቸውን የሚያነጋግሩበት የግል ቤት፣ ግብር ከሚበላበት ሰፊ አዳራሽ ተለይቶ መሠራቱን ነው። ግድግዳው በጭቃ ተያይዞ የተካበና ነጭ የተቀባ ድንጋይ ሲሆን፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ለሚመለከት ደግሞ ከጉልላቱ ቁልቁል የተዘረጉት ወራጆችና በላያቸው አግድም የታሰሩት ማገሮች የሣሩን ክዳን እንዴት እንደሚሸከሙ በግልጽ ይታያል፤ የቤቱ እውነተኛ ውበትም ከማናቸውም ጌጥ ይልቅ በዚህ አሠራሩ ላይ ነው።

የተራራው ብርድና የማገዶ እጥረት ነዋሪውን አዲስ አበባ ወደተቆረቆረችበት ወደ ፍልውሃ ሜዳ ካወረደው በኋላም እንኳ እንጦጦ ክብሩን አላጣም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው።

በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ በንክኪ ስለሚፈረፈር፣ ጎብኚዎች ግድግዳውን እንዳይነኩ በአክብሮት ይጠየቃሉ።