የንድፍ ደብተር

የንድፍ ደብተር (በሠዓሊዎች ዘንድ በተለምዶ ስኬች ቡክ) ሠዓሊዎች፣ ቀራፂዎች፣ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎችና ተማሪዎች ያዩትንና ያሰቡትን ፈጥነው ለመንደፍ፣ እጃቸውን ለማለማመድና ለትልቅ ሥራ ለመዘጋጀት የሚጠቀሙበት ባዶ ገጾች ያሉት ጥራዝ ነው። ከመጻፊያ ደብተር የሚለየው መስመር ስለሌለው ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ላጲስን፣ ከሰልን ወይም እርጥበትን እንዲችል፣ ጥራዙም ተዘርግቶ እንዲቀመጥ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ደብተር ሲመረጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት በምን እንደሚሳልበት ነው። ለእርሳስ የተስማማው ለውሃ ቀለም ላይሆን ይችላል። የምርት ስምና የሽፋን ውበት ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ታሪክ

ከቀደምት የታወቁ የንድፍ ጥራዞች አንዱ በ13ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ የኖረው የቪላር ደ ኦንኩር ነው። ከጥራዙ ዛሬ 33 የብራና ቅጠሎች የተረፉ ሲሆን በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የካቴድራል ሕንፃዎች፣ ማሽኖች፣ ሰዎችና እንስሳት ተነድፈውባቸዋል። ወረቀት በአውሮፓ እየረከሰ ሲመጣ የንድፍ ደብተር ከሠዓሊ እጅ የማይለይ ዕቃ ሆነ። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ሠዓሊ ትንሽ ደብተር ይዞ እንዲዞርና የሰዎችን እንቅስቃሴ በየመንገዱ እንዲመዘግብ ይመክር ነበር። እሱ ራሱ ከያዛቸው ደብተሮች መካከል ከመዳፍ የሚያንሱ አሉ።

ፈረንሳዊው ኤውዤን ደላክሯ እ.ኤ.አ. በ1832 ወደ ሞሮኮ ሲጓዝ ያየውን በትንንሽ ደብተሮች በውሃ ቀለምና በጽሑፍ መዘገበ። ጉዞው የወራት ብቻ ቢሆንም ከዚያ የወጡ ርዕሶችን እስከ ሞተበት እስከ 1863 ድረስ ሲሥል ኖሯል። እንግሊዛዊው ተርነር ደግሞ 300 ያህል የንድፍ ደብተሮችን ትቶ አልፏል፤ አብዛኞቹ ዛሬ በለንደን ቴት ሙዚየም ተጠብቀዋል።

በአሁኑ ጊዜ ከሚሸጡት መካከል ስሙ ገኖ የሚሰማው ሞለስኪን ነው። ማስታወቂያው ከፒካሶና ከሄሚንግዌይ ጋር ሲያያዝ ይሰማል፤ ይሁን እንጂ የንግድ ምልክቱ በጣልያን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1997 ስለሆነ እነዚህ ሰዎች የተጠቀሙት ተመሳሳይ ጥቁር ደብተር እንጂ ይህንን ምርት አልነበረም። የድርጅቱ ተራ የመጻፊያ ደብተር ወረቀትም ቀጭን ስለሆነ ብዕርና ብሩሽ ለሚያበዛ ሰው አይመችም።

ወረቀት

ከሁሉም በላይ ደብተርን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው ወረቀቱ ነው። የወረቀት ክብደት የሚለካው አንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን በማየት ነው። የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ ለፈጣን የእርሳስ ልምምድ በቂ ቢሆንም ደጋግሞ ሲላገስ ይሳሳል፣ ማርከርም ወደ ጀርባው ያሳልፋል። ለእርሳስና ለእስክሪብቶ ከ90 እስከ 120 ግራም፣ ለቀለም ብዕርና ለስስ የውሃ ቀለም ከ150 እስከ 200 ግራም ይስማማል። ውሃ በብዛት የሚፈስበት ሥራ 300 ግራም ይፈልጋል፤ ከዚያ ያነሰው ሲደርቅ ይጨማደዳል። ክብደት ሲጨምር ግን የገጹ ቁጥር ይቀንሳል፣ ደብተሩም ይከብዳል፣ ዋጋውም ይወደዳል። በየቀኑ ብዙ ንድፍ ለሚሠራ ጀማሪ 300 ግራም ወረቀት መግዛት ብክነት ነው።

ብዙ ጊዜ ወረቀት በሉክ ሲሸጥ ክብደቱ አይጻፍበትም። ኤ4 ወረቀት የአንድ ካሬ ሜትር 1/16ኛ ስለሆነ በቀላሉ ማስላት ይቻላል፦ 10 ሉክ ኤ4 ተመዝኖ የተገኘው ግራም በ1.6 ይባዛል። 10 ሉኩ 50 ግራም ከመዘነ ወረቀቱ 80 ግራም ነው፤ 75 ግራም ከመዘነ 120 ግራም ነው። የወርቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ ማንኛውም የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር የገጹ ሸካራነት ነው። ከሰልና ፓስቴል የሚይዙት ሻካራ ወረቀት ላይ ነው፤ በለስላሳ ገጽ ላይ ዱቄቱ ተንሸራቶ ይራገፋል። ቀጭን ብዕር በተቃራኒው ለስላሳ ገጽ ይወዳል፤ በሻካራው ላይ ጫፉ ቃጫ እየያዘ መስመሩን ያበላሻል። እርሳስ በመካከለኛው ላይ ጥሩ ይሠራል።

ሦስተኛው ወረቀቱ ፈሳሽ የሚመጥበት መጠን ነው። ወረቀት ሲመረት ቀለም እንዳይጠጣ ስታርች፣ ጄላቲን ወይም ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ይህ ያነሰው ወረቀት ላይ የብዕር መስመር እንደ ሸረሪት እግር ይበተናል። ከመግዛት በፊት በአንድ ቁራጭ ላይ በቀለም ብዕር አንድ መስመር ማስመርና ጀርባውን ገልብጦ ማየት ከብዙ ማብራሪያ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዕድሜ ነው። ርካሽ ወረቀት በአብዛኛው ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ሊግኒን የተባለውን የእንጨት ንጥረ ነገር እንደያዘ ይቀራል። ይህ ንጥረ ነገር ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለ አሲድ ደግሞ ቃጫውን እየበላ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባሪ ያደርገዋል። የቆየ ጋዜጣ መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለሆነም ለማቆየት የታሰበ ሥራ «ከአሲድ ነፃ» ተብሎ በተጻፈበት ወረቀት ላይ መሠራት ይኖርበታል። ከጥጥ ቃጫ የተሠራ ወረቀት ከሁሉም የበለጠ ይቆያል። ጽሑፍ ከሌለው አንድ ቁራጭ ወስዶ ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለሁለት ሳምንት ማስቀመጥ ነው፤ ያልተሸፈነው ግማሽ በግልጽ ከቢጫ ወረቀቱ ለልምምድ እንጂ ለመታሰቢያ አይሆንም። ወረቀቱ ጥሩ ቢሆንም የማርከርና የእስክሪብቶ ቀለም በብርሃን ሊደበዝዝ እንደሚችል መታወቅ አለበት። ግራፋይትና ከሰል ግን ካርቦን ስለሆኑ አይደበዝዙም።

መጠንና አጠራረዝ

ኤ5 (148 በ210 ሚሊ ሜትር) በቦርሳ ለመያዝና በታክሲ ውስጥ ለመሳል ይመቻል፤ ኤ4 ለቤትና ለክፍል፣ ኤ3 ክንድን ሙሉ ለሚያንቀሳቅስ የከሰል ሥራ ይሆናል። ከቤት የሚቀር ትልቅ ደብተር አብሮ ከሚዞር ትንሽ ደብተር ያነሰ ይሠራበታል።

በጥራዝ በኩል አራት ዓይነቶች የተለመዱ ናቸው። በስቴፕል የተያዘው ርካሽ ነው፣ ገጹ ግን ጥቂት ነው። በሙጫ ብቻ የተያዘው በደንብ ሲከፈት ጀርባው ይሰነጠቅና ገጾቹ ይረግፋሉ። ስፓይራል ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ ቆሞ ለሚሥል ሰው ይመቻል፤ ሆኖም በሁለት ገጾች ላይ አንድ ሥዕል መዘርጋት አይቻልም፣ ገጾቹም እርስ በርስ እየተፋተጉ እርሳሱን ያደበዝዛሉ። በክር የተሰፋው ከሁሉም ይበልጣል። ከተሰፉት ውስጥም ጀርባው በሙጫና በጨርቅ ያልተሸፈነው ያለ ምንም ግፊት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል።

በእጅ መሥራት

ጥሩ ደብተር በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቀመስበት ቦታ በእጅ መሥራት አማራጭ ነው። ለዚህ ከሚመረጡት ስፌቶች አንዱ በውጭ አገር የመጽሐፍ ጠራዦች ዘንድ «የኢትዮጵያ ስፌት» በመባል ይታወቃል። ምንጩ የግዕዝ ብራና መጻሕፍት አጠራረዝ ሲሆን፣ ከጥንታዊው የግብፅ ክርስቲያኖች ወይም ኮፕቲክ ስፌት ጋር ይዛመዳል። በባህላዊው አሠራር የብራና ቅጠሎች እየታጠፉ ጥራዝ ይሆናሉ፤ በወስፌ ተበስተው በጅማት ወይም በክር እርስ በርሳቸውና ከእንጨት ገበታ ጋር ይሰፋሉ። በጀርባው ላይ የሚታየው ሰንሰለት መሳይ ስፌት ያለ ሙጫ ጥራዞቹን ያያይዛል፤ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋውም በዚህ ምክንያት ነው። ለንባብ የተፈጠረው ይህ ጠባይ ለሥዕል የበለጠ ይጠቅማል።

ለአንድ ኤ5 ደብተር 20 ሉክ ኤ4 ወረቀት፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ካርቶኖች፣ ጠንካራ የጥጥ ወይም የተልባ ክር፣ የንብ ሰም፣ አራት መርፌ፣ ወስፌ፣ ማስመሪያና ካተር ያስፈልጋሉ። ወረቀቱ አራት አራት ሉክ እየሆነ ሲታጠፍ አምስት ጥራዝ፣ በጠቅላላው 80 ገጽ ይወጣል።

ከመታጠፉ በፊት የቃጫው አቅጣጫ መታወቅ አለበት። በፋብሪካ ወረቀት ውስጥ ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ይተኛሉ፤ እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ትይዩ ካልሆነ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ደብተሩም እርጥበት ሲነካው ይወለጋገዳል። አንድ ትንሽ ቁራጭ በአንድ ወገኑ በውሃ ሲረጥብ ራሱን ይጠቀልላል፤ የተፈጠረው ቱቦ ርዝመት የቃጫውን አቅጣጫ ያሳያል። ተራ ኤ4 ወረቀት ብዙውን ጊዜ ቃጫው በረጅሙ ጎን ስለሚሄድ ወደ ኤ5 ሲታጠፍ አይስማማም። መፍትሔው ቃጫው በረጅሙ ጎን የሆነ ኤ3 ገዝቶ ከመካከል መቁረጥ ነው፤ የሚገኘው ኤ4 ቃጫው በአጭሩ ጎን ይሆናል።

ካርቶኖቹ ከገጹ በሦስት ጎን በ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ተርፈው ይቆረጣሉ። በእያንዳንዱ ጥራዝ እጥፋት ላይ ከላይ በ3፣ በ7፣ በ14 እና በ18 ሴንቲ ሜትር አራት ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ በካርቶኖቹም ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በዚያው ትይዩ ይበሳል። መለኪያ የሚሆን አንድ ቁራጭ ወረቀት አዘጋጅቶ ሁሉንም በእሱ መብሳት ይሻላል፤ ቀዳዳዎቹ በሚሊ ሜትር ከተለያዩ ጀርባው ይጣመማል።

ስፌቱ በጥንድ በጥንድ ይሠራል። ለእያንዳንዱ የቀዳዳ ጥንድ በሰም የታሸ አንድ ሜትር ያህል ክር ይዘጋጅና በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይገባበታል። ሁለቱ መርፌዎች ከመጀመሪያው ጥራዝ ውስጥ ወደ ጀርባው ይወጣሉ፣ በሽፋኑ ቀዳዳ ዞረው ወደ ሁለተኛው ጥራዝ ይገባሉ። እዚያም ውስጥ ተሻግረው አንዱ በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። ሲወጡ ወደ ኋላ ተመልሰው በቀደመው ስፌት ሥር ካለፉ በኋላ ወደ ሦስተኛው ጥራዝ ይገባሉ። ይህ እየተደጋገመ ሲሄድ በጀርባው ላይ ሰንሰለቱ ይታያል። በመጨረሻው ጥራዝ ሁለተኛው ሽፋን ተይዞ ክሮቹ ከውስጥ ይቋጠራሉ። ክሩ ከላላ ጥራዞቹ ይወዛወዛሉ፤ በጣም ከተሳበ ደግሞ ወረቀቱን እንደ ቢላ ይቀዳል። ስለዚህ ክር የሚጠበቀው ወደ ላይ እየተጎተተ ሳይሆን ከጀርባው ጋር ትይዩ ሆኖ ነው።

በእጅ የተሠራ ደብተር ሌላም ጥቅም አለው። አንዱን ጥራዝ ከሻካራ፣ ሌላውን ከለስላሳ፣ አንዱን ደግሞ ለውሃ ቀለም ከሚሆን ወፍራም ወረቀት ማድረግ ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ደብተር በሱቅ ብዙም አይገኝም። የተበላሸ ገጽም አያሳስብም። ውድ ደብተር የገዛ ተማሪ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ገጽ እንዳያበላሽ እየፈራ ባዶውን ያስቀምጠዋል፤ በርካሽ የተሠራው ግን በወር ይሞላል።

አጠባበቅ

የከሰልና የለስላሳ እርሳስ ሥራ በፊክሳቲቭ ይረጫል፤ አለበለዚያ ገጽ ለገጽ ይታተማል። አንዳንዶች በምትኩ የፀጉር ስፕሬይ ይጠቀማሉ፤ ለልምምድ ሥራ ቢያገለግልም ሲቆይ ወረቀቱን ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። በገጾች መካከል ስስ ወረቀት ማስገባት ርካሹ መከላከያ ነው። የሞላ ደብተር ከግድግዳ እርጥበትና ከቀጥተኛ ፀሐይ ርቆ ይቀመጣል፤ በክረምት ወራት ከሲሚንቶ ወለል ላይ ማንሳት ይገባል። የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን በመጀመሪያው ገጽ በእርሳስ ሲጻፍ የሥራውን ቅደም ተከተል በኋላ ለማወቅ ይረዳል።