ለኮምፒዩተር ስም የሚያወጣው ማነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ኮምፒዩተር ግን መልአክ አልታዘዘለትም። ስሙን የሚያወጣለት ማሽኑን ከካርቶኑ አውጥቶ ገመዱን የሚሰካው ሰው ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ፣ ሌላው ሰው ከኋላው ቆሞ «ገና አልጨረስክም?» እያለው። ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ኮምፒዩተሮች በአንድ መረብ ሲያያዙ አንዱ ሌላውን የሚጠራበት ስም የግድ ይሆናል። ውድ አንባቢያን ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ። ዛሬ የኮሙኒቲ ጽሕፈት ቤቶቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ፣ ይህን ጋዜጣ ያነሳችሁበት ምግብ ቤት ሳይቀር ይህ ጣጣ አለባቸው።

ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ የተዘረጋው አርፓኔት የተባለው መረብ የመጀመሪያውን መልእክት ያስተላለፈው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 ዓ.ም. ነበር። በኋላ ኮምፒዩተሮቹ ሲበዙ የሁሉም ስም በአንድ ዝርዝር ይያዝ ጀመር። ዝርዝሩን የሚጠብቀው ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ የሚገኝ አንድ ቢሮ ሲሆን፣ ኃላፊዋም ኤሊዛቤት ፋይንለር የተባሉ ሴት ነበሩ። አዲስ ማሽን ያለው ሰው በሥራ ሰዓት ስልክ ይደውላል፤ ስሙ ይመዘገባል፤ በመረቡ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ ያንን ዝርዝር እየገለበጠ ይወስዳል። ሁለት ማሽኖች አንድ ዓይነት ስም ሊይዙ አይችሉም። ስለዚህ አንዱ ቀድሞ የያዘውን ስም ሌላው፣ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ቢሆንም፣ ሊነካው አይችልም ነበር።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ነው። ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ባለሙያ የነደፈው አዲስ አሠራር ለእያንዳንዱ ማሽን ዘር ማንዘር ሰጠው። የራሱ ስም ይቀድማል፤ ቀጥሎ የክፍሉ፣ ቀጥሎ የድርጅቱ፣ መጨረሻ ላይ የትልቁ ቤተሰብ ስም ይመጣል። ለእኛ ይህ ምን ይገርማል? የራስ፣ የአባት፣ የአያት ማለት አይደለም እንዴ? በአንድ ሰፈር አሥር ከበደ ቢኖር የአባት ስም ይለየዋል። እኛ በስደት አገር ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘን ስንቀርብ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በጥርጣሬ ዓይን ታየናለች። የኢንተርኔት ኮምፒዩተሮች ግን በእኛ ሥርዓት ሲጠሩ ይኸው አራት አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

የማሽኑ የራሱ ስምስ? በዚህ ላይ ቁም ነገር የጻፈው በአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ዶን ሊብስ ነው። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ባለሙያዎች መጽሔት ወጣ፤ በዓመቱ በነሐሴ 1990 ደግሞ ከኢንተርኔት ሰነዶች ጋር ቁጥር 1178 ተሰጥቶት ተመዘገበ። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ማሽኑን በያዘው ሰው ስም አትጥሩት፤ በሚሠራበት ፕሮጀክትም አትሰይሙት። ሰውየው ይለቃል፣ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ስሙ ግን ይቀራል።

ይህንን ምክር ያልሰማ አንድ ማኅበር አውቃለሁ፤ ስሙ ይቆየን። ሦስት ኮምፒዩተሮቹን «ሊቀ መንበር»፣ «ጸሐፊ» እና «ገንዘብ ያዥ» ብሎ ሰየማቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ምርጫ ሆነ። አዲሱ ጸሐፊ በመስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ወደደው፤ እዚያ ያለው ማሽን ግን «ገንዘብ ያዥ» ነበር። ገንዘብ ያዧም ቦታ ለቀው በ«ጸሐፊ» ላይ ይሠሩ ጀመር። ከወራት በኋላ አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት «የጸሐፊውን ኮምፒዩተር አጽዳልን» ተባለ። ልጁ በስሙ አምኖ «ጸሐፊ» የሚለውን ከላይ እስከ ታች አጸዳው። የእድሩ መዋጮ መዝገብ ያለው እዚያ ላይ ነበር! ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት የሚለውን ለማጣራት ቤት ለቤት ስልክ ተደወለ። ከፍያለሁ አልከፈልክም ተባብለው እስከ ዛሬ ሰላምታ ያቋረጡ አሉ።

ሊብስ ሌላም የሚያስቅ ነገር ያነሳል። በንግግር መካከል ሌላ ትርጉም ያለው ቃል ለማሽን ስም አይሁን ይላል። «ላይ» የሚል ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ ቃል የተሰየመ ማሽን ነበርና ሠራተኞቹ ስለ እሱ ሲነጋገሩ መግባባት አቃታቸው። በእኛ ቢሆን ማሽኑን «ዝግ» ብሎ ሰይሞ «ዝግ ክፍት ነው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። የምግብ ቤት ባለቤቶችም ልብ በሉ፤ ቢሮ ያለውን ኮምፒዩተር «ሽሮ» ብላችሁ አንድ ቀን «ሽሮ ተቃጠለ» ቢባል ሁሉም የሚሮጠው ወደ ወጥ ቤት ነው።

ይልቅስ ከአንድ ወገን የተውጣጡ ስሞችን ምረጡ ይላል። የቀለማት ስም ቢሆን አያልቅም፤ በተረቱ የታወቁትን የሰባቱን ድንክዬዎች ስም የመረጠ ግን ስምንተኛ ኮምፒዩተር ሲገዛ ይቸገራል።

አንዳንድ ስም ደግሞ ከቀልድ ተነሥቶ ታሪክ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ፒት ቤርቴማ የተባለ ሆላንዳዊ ባለሙያ ከሶቪየት መሪ ከቼርኔንኮ የመጣ የሚመስል መልእክት በመረብ አሰራጨ። ላኪው ኮምፒዩተር «ክሬምቫክስ» ይባላል፤ ክሬምሊንን ቫክስ ከተባለው የኮምፒዩተር ዓይነት ጋር አዳቅሎ የፈጠረው ስም ነው። ብዙ ሰው አመነ። ከዓመታት በኋላ ሶቪየቶች በእውነት ከመረቡ ሲገናኙ፣ ዴሞስ የተባለው የሞስኮ ድርጅት ባለሙያዎች አንዱን ማሽናቸውን ክሬምቫክስ ብለው ሰየሙት። በነሐሴ 1991 ዓ.ም. በጎርባቾቭ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከርና ነጻ ጋዜጦች ሲታገዱ፣ የሞስኮን ወሬ ለውጭው ዓለም ካደረሱት አንዱ ይኸው የቀልድ ስም የወጣለት ኮምፒዩተር ነበር። ጋዜጣው የተዘጋበት ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

የእኛ ልዩ ችግር ፊደሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የፈቀደው የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥርንና ሰረዝን ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢንተርኔት አድራሻ ሌሎች ፊደላትን ለመጠቀም የሚያስችለው አሠራር የጸደቀው በ2003 ዓ.ም. ነው። እሱም ቢሆን ከውስጥ ስሙን ወደ ላቲን ፊደላት ዝርዝር ይለውጠዋል እንጂ እንዳለ አያስተላልፈውም። ስለዚህ ለቢሮ ማሽን ዛሬም የሚሻለው በላቲን ተጽፎ የማያሻማ ስም ነው። ሐዋሳን አንዱ በ«ኤች» ሌላው በ«ኤ» ይጀምራል፤ ዓባይን በአንድ «ቢ» የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍም አለ፤ «ፀሐይ»ማ ተዉት። ታናንና ላንጋኖን ግን አብዛኛው ሰው በአንድ ዓይነት ይጽፋቸዋል፤ አጭርም ናቸው።

የነገሥታትን፣ የክፍለ ሀገራትንና የጦር አውድማዎችን ስም የምታቀርቡ አላችሁ። የፍቅራችሁን ብርታት አከብራለሁ፤ ነገር ግን የትኛው ንጉሥ ፎቶ ኮፒ ክፍል ይቀመጥ በሚለው ላይ ጉባኤ ሲጠራ ይታየኛል። «ዮሐንስ ተበላሽቷል፣ ምኒልክን ተጠቀሙ» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ቢለጠፍ ስብሰባው በሰላም አያልቅም። የሐይቅ ስም ማንንም አያስከፋም። የመረጣችሁትን ስም በአማርኛም በላቲንም ጽፋችሁ ከማሽኑ ግንባር ላይ ለጥፉት፤ የት እንደተቀመጠና ምን መዝገብ እንደያዘም በተራ ደብተር ላይ አስፍሩት፤ ጸሐፊው በተቀየረ ቁጥር ደብተሩ በፊርማ ይረከብ።